በአንድ ቀፎ ሁለት ድምፅ

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው የተባለ ኮክቴል ድራም (ቆመው የሚጫወቱት ረጅም ከበሮ) እጄ ገብቷል። ገጣጥሜ ስመታው የታችኛው ድምፅ ያለ ልክ ያስተጋባል፤ ፔዳሉን በረገጥሁ ቁጥርም የስኔሩ ሽቦ (ከላይኛው ቆዳ ሥር የተወጠረው) ሳልነካው ይንሿሿል። ቆሜ ስጫወት ደግሞ ቶሎ ይደክመኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የድራሙ?

መልስ፦ ድካሙ የእርስዎ ነው፤ መንሿሿቱ ግን በአብዛኛው የመሣሪያው ጠባይ ነው። ይህ ድራም ለጠባብ መድረክ የተበጀ ነው፤ በአንድ ረጅም ቀፎ (የከበሮው ገላ) ላይ የላይኛው ቆዳ የስኔርና የቶም (ሽቦ የሌለው ከበሮ)፣ የታችኛው ደግሞ ወደ ላይ በሚመታ ፔዳል የቤዝ ድራም (ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ከበሮ) ሥራ ይሠራል። አንዳንዶቹ በውስጣቸው መካከለኛ ግድግዳ አላቸው፤ ከሌለ ግን ሁለቱ ቆዳዎች አንድ አየር ስለሚጋሩ የአንዱ ንዝረት ሌላውን ይቀሰቅሳል።

ስለዚህ ከታች ይጀምሩ። ቆዳውን እስኪሸበሸብ ድረስ ያላሉት፤ ከዚያም ብሎኖቹን ትይዩ ትይዩውን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቁ ሽብሽቡ እንደ ጠፋ ያቁሙ። በቆዳውና በቀፎው ጠርዝ መካከል ቀጭን የፌልት ጨርቅ ቢያሳልፉ ማስተጋባቱ ያጥራል፤ ትራስ መጠቅጠቅ ግን የላይኛውንም ድምፅ ስለሚያፍነው አልመክርም። የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው በግልጽ ከፍ ያለ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ያጥብቁት፤ የሁለቱ ድምፅ በተቀራረበ መጠን ሽቦው ይበልጥ ይንሿሿልና። ፈጽሞ ዝም ይላል ብለው ግን አይጠብቁ፤ በእኔ ጆሮ ጥቂቱ የውበቱ አካል ነው፤ በተለይ በብራሽ (መጥረጊያ መሰል የሽቦ መምቻ) ሲጫወቱ።

የፔዳሉ መምቻ የታችኛውን ቆዳ መሐል ሲመታ ድምፁ አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ ወደ ጠርዝ በቀረበ ቁጥር ግን ይጮኻል። መትቶም ወዲያው ይመለስ እንጂ ቆዳው ላይ ተጭኖ አይቅር። ተራ የቤዝ ፔዳል ወደ ፊት ስለሚመታ እንዲሁ አያገለግልም።

ለድካሙ መፍትሔው የእግሮቹ ቁመት ነው። የላይኛው ቆዳ ወገብዎ አካባቢ እንዲደርስ ያስተካክሏቸው፤ የሰውነትዎን ክብደት ፔዳል በማይረግጠው እግር ላይ ጥለው ጉልበቱን ላላ ያድርጉ፤ የሌላኛው ተረከዝ ከፔዳሉ አይነሣ። ከፍ ባለ ወንበር ጫፍ ላይ ገመስ ብሎ መቀመጥም ነውር የለውም።

ቆዳዎቹ የጥጃ ከሆኑ በእርጥብ አየር ይላላሉ፣ በደረቅ ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ከመጫወትዎ በፊት ሁልጊዜ ድምፃቸውን ይፈትሹ። በፕላስቲክ ለመተካት ካሰቡም አስቀድመው የቀፎውን ስፋት በሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ የጥንት ቀፎ ዛሬ ለሚሸጠው ቆዳ በጥቂቱ ሊሰፋ ይችላል።