ለቱሉ ዲምቱዋ ጠያቂ፦ ዶላሩን ከመክፈልሽ በፊት

ጥያቄሽ ደርሶኛል። 12ኛን ጨርሰሻል። ሜሪላንድ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራው አክስትሽ በኢንተርኔት የሚሰጥ የአሜሪካ የሁለት ዓመት ዲግሪ አግኝታልሻለች፤ ከተለያዩ ትምህርት ክፍሎች የተውጣጣ ሆኖ ትኩረቱ የአረጋውያን እንክብካቤ አስተዳደር ነው። «ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልሽኝ።

በአጭሩ፣ አሜሪካ ልትሄጂ ከሆነ ግቢበት። እዚሁ ከሆንሽ ግን ይቆይ።

እዚያ ነርሲንግ ሆም (አረጋውያን መንከባከቢያ) ለማስተዳደር የግዛቱ ፈቃድ ግድ ነው። ለፈቃዱ ብሔራዊ ፈተና አለ፣ በአብዛኛው ደግሞ ፈቃድ ባለው አስተዳዳሪ ሥር ለወራት መለማመድ ይጠየቃል፤ ብዙ ግዛቶች ደግሞ የአራት ዓመት ዲግሪ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ይሄኛው፣ ወደ 60 ክሬዲት ገደማ፣ ግማሽ መንገድ ነው። ክሬዲቱን የሚቀበልሽ ዩኒቨርሲቲ ካለ ጥሩ ግማሽ ነው፤ ከሌለ ግን ብርሽን በላው።

ትምህርቱን ግን አልንቀውም። ሂሳቡም ሕጉም ጤናውም መቀላቀሉ ሥራውን ይመስላል። ለምሳሌ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት፤ በተገላበጠ ቁጥርም ቅጽ ላይ ይፈረማል። ጠዋት ቅጹን ስታነሺው የሌሊቱ ፊርማ በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሌሊት ያደረችውን ተንከባካቢ መቆጣት ቀላል ነው። አስተዳዳሪ ግን ለስንት አልጋ ስንት ሰው ነው ሌሊት የመደብኩት፣ አንድ ሰው ልጨምር ብል ደመወዙ ከየት ይመጣል፣ ተቆጣጣሪ ሳይነግረኝ ዛሬ ቢመጣስ ብሎ ማሰብ አለበት።

የማይጠቅምሽም አለ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከሆስፒታል ለወጣ ሰው ማገገሚያ ቢበዛ እስከ 100 ቀን እንደሚከፍል፣ ገንዘብ ያለቀበትን ደግሞ ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች መድን እንደሚሸፍን ስታጠኚ ትከርሚያለሽ፤ አያት አካባቢ ሥራ ስትፈልጊ ይሄ ምን ያደርግልሻል? እኛ ጋ አረጋዊ የሚጦረው ልጅ ነው፣ ልጅ ከሌለ ጎረቤት፣ እሱም ካልሆነ እንደ መቄዶንያ ያሉ በእርዳታ የሚተዳደሩ ማዕከላት ናቸው። ደመወዝ ያለው የአስተዳዳሪ ወንበር ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን በእኔ ግምት ነርሲንግ ወይ አካውንቲንግ ተምሮ ቤቱን ከውስጥ ለሚያውቅ ሰው ነው የሚሰጠው።

እኔ ብሆን አሁኑኑ እዚያው አቅራቢያሽ ነርሲንግ ወይ አካውንቲንግ እጀምራለሁ፤ ኮሌጁ እውቅና እንዳለው መጀመሪያ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ፣ ማስታወቂያ አትመኚ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መቄዶንያ ሄደሽ በበጎ ፈቃድ አገልግዪ። ዳይፐር መቀየሩና ማጠቡ ካላስመረረሽ ሥራው ያንቺ ነው።

አክስትሽ ደግሞ አንድ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲቱን እንደሚቀበል በጽሑፍ ታምጣልሽ፤ በአፍ የተባለውን ተዪው። የቪዛው ጉዳይ ተጀምሯል ወይስ ገና ወሬ ነው? እሱን አልነገርሽኝም፣ ሁሉንም የሚወስነው ደግሞ እሱ ነውና ጻፊልኝ።