እናቴ ከወደቀች በኋላ ከመደብ አልወርድ አለች ላልሽው እህት

«ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቴ ጓሮ ወደቀች፣ ራጁ ስብራት የለም አለ፣ እሷ ግን መራመድ ፈራች፣ ምን ላድርግ?» ብለሻል። እኛም ቡሬ ይሄንኑ አይተናል፣ እስቲ ስሚኝ።

1. ብሽሽታቸውን ካመማቸውና መርገጥ ካቃታቸው ራጁ ይደገም። ቀጭን ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ ሳይታይ ይቀራል። ያ ሳይጣራ ወጌሻ እንዳያሻቸው።

2. ግፊታቸውን ተኝተው ይለኩ፣ ከዚያ ቆመው በ3 ደቂቃ ውስጥ ይደገም። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሲነሱ የሚያዞራቸው እሱ ሊሆን ይችላል። የግፊት መድኃኒት አንዳንዴ ይሄን ያመጣል። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪባቸው። የእኔ እናት ደግሞ በጾም ክኒኗን በጉንጭ ውሃ ውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ትውል ነበር። እኛን አልሰማ ስትል የንስሐ አባቷ ናቸው «ለታመመ ይፈቀዳል» ብለው ያስማሟት።

3. በጤና መድህን የምትታከሙ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ያዙ። እኛ ሳንይዝ ሆስፒታል ሄድን። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «በግል ክፈሉ» አለ። እሺ፣ ደንብ ነው። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ ተቀመጡ የሚል የለም። አልበቃው ብሎ «ለመሆኑ በዚህ እድሜ ምን ፈልገው ነው?» አላት። ዝም አለች። ቤት ስንገባ ጋቢዋን ተከናንባ ተኛች፣ ከዚያ ወዲያ ነው «እኔማ አለቀልኝ» ማለት የጀመረችው። መውደቁ ያላደረገባትን ያ ልጅ አደረገባት።

እኛም አባባስነው፤ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በየቀኑ እየደወለች «እንዳትንቀሳቀስ!» ትላለች፣ ጎረቤቱም «ይቀመጡ እማማ» ይላል፣ ቡና መቁላቱን ሳይቀር ተቀማች። አዛውንት ሲተኛ እግሩ ቶሎ ነው የሚሟሽሸው። በመጨረሻ እህቴን ተቆጣኋት፣ እናቴንም ምጣዱን መለስኩላት። ጠዋትና ማታ አጠገቧ ቆሜ ከወንበር ብድግ ቁጭ አስደርጋታለሁ። ለከዘራዋ ጫፍ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ አለበስኩት። ወንድሜ ሲስቅብኝ ነበር፣ አሁን በ21 ለማርያም በእግሯ ስትሄድ እያየ ዝም ብሏል። ክረምት ላይ ጭቃው አያስኬድም፣ ያኔ በረንዳ ላይ ታንሸራሽሪያቸዋለሽ።

ማታ ደግሞ በጨለማ ጓሮ ሽንት ቤት አይውጡ፣ ፖፖ ግዢላቸው። እናቴ «ነውር ነው» ብላ አስቸግራን ነበር፣ ክዳን ያለው ሲሆን ተቀበለች።