ከመንገድ የማይታይ ማድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ ከአባታችን የወረስነውን የድሮ ቤት እያደስን ነው። ለእንግዳ የሚታይ ንጹሕ ኪችን ሠርተን፣ እንጀራ መጋገሪያውንና ዕቃ ማጠቢያውን ከጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ልንደብቅ አስበናል። ለጭሱ ግድግዳው ይበሳል። ከመንገድ ግን ምንም አይታይም። ፈቃድ ያስፈልገናል?

መልስ፦ አዎ፣ ያስፈልጋችኋል። ግንበኛው መዶሻ አንሥቶ ከሆነ ዛሬውኑ አስቁሙት።

“ከመንገድ አይታይም” የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዩኔስኮ በተለይ ያደነቀው የቤቶቹን የውስጥ አሠራር ነው። ስለዚህ የእናንተ የጀርባ ክፍልም የቅርሱ አካል ናት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በቅርስ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ጥገናና እድሳት አስቀድሞ እንዲፈቀድ ያዛል። ቅርስ ማበላሸት በወንጀልም ያስጠይቃል።

መጀመሪያ የክልሉ ቅርስ ቢሮ ሂዱ። ክፍሏን ከነግድግዳዋ ፎቶ አንሥታችሁ ከንድፉ ጋር አያይዙ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። “ችግር የለውም፣ ሥሩ” ያላችሁ ኃላፊ ነገ ሲቀየር ቃሉም አብሮት ይሄዳል። የማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ለብቻው ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

“ወረስን” ብላችኋል። ቤቱ ገና ካልተከፋፈለ ሁሉም ወራሾች መስማማት አለባቸው። ውጭ አገር ያለ ካለ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይላክ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ጭሱ ነው። በላካችሁት ንድፍ ላይ ማውጫው የሚከፈተው ጎረቤታችሁ ልብስ ወደሚያሰጡበት ግቢ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸትና መጥፎ ሽታ ይከለክላል። ቢሮው ቢፈቅድላችሁ እንኳ ጎረቤት ሊከሳችሁ ይችላል። ሳትጀምሩ ቡና አፍልታችሁ አነጋግሯቸው።

የእኔ ምክር ክፍሏን እንድትተዋት ነው። በድሮው የሐረር ቤት ምግብ ማብሰያውን የመሰለው አገልግሎት የሚሠራው ግቢው ውስጥ ነበር። ማድ ቤቱን እዚያ፣ ከአሮጌው ግድግዳ ሳታስጠጉ ለመሥራት ብትጠይቁ የመፈቀድ ዕድሉ የተሻለ ይመስለኛል። ምጣዱንም የኤሌክትሪክ አድርጉት። ያኔ የሚበሳ ግድግዳ አይኖርም፤ ጎረቤትም በጭስ አይቸገርም።