የእህቴ ልጅ አፏን ዘጋችብኝ

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ከዚራ ነዋሪ ነኝ። እናቷ ዓረብ አገር ስለሆነች የ16 ዓመቷን የእህቴን ልጅ የማሳድጋት እኔ ነኝ። በቅርቡ ስልኳን ከፍቼ ሳይ ፍቅር መጀመሯን ደረስኩበት። እኔ በ17 ዓመቴ ተድሬ፣ ልጅ ታቅፌ ወደ ወላጆቼ ቤት የተመለስኩ ሴት ነኝና «ወንድ ሁሉ አንድ ነው፤ እኔን እዪኝ» ብዬ መከርኳት። ከዚያ ወዲህ ስልኳንም አፏንም ዘጋችብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያሳለፉት ቀላል አይደለም። ዛሬ ለድሬዳዋም የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ ያኔ እርስዎን የሚያስጥል አልነበረም። ልጅቱ ግን ስለ ራሷ የሚጠይቃት አጥታ የእርስዎን ባል ጥፋት ሰማች። ስሙን እንኳ ያልጠየቁት ልጅ ተፈረደበት። በዚህ ዕድሜ ደግሞ የወደዱት ሰው ሲነቀፍ ይበልጥ ይጠጉታል።

መጀመሪያ ስልኳን ስለከፈቱ ይቅርታ ይጠይቋት። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት እንዳይሆን፤ አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ከከዚራ ዛፎች ሥር አብረዋት ይራመዱ። ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው የማያወጡትን ጎን ለጎን ሲሄዱ ያወጡታል። «ምኑን ወደድሽለት?» ይበሏትና ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይስሟት።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የልጁ ዕድሜ ነው። የክፍል ጓደኛዋ ከሆነ የት እንደሚገናኙና ስንት ሰዓት ቤት እንደምትገባ ተነጋግራችሁ ትወስናላችሁ። አዋቂ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉ ከ13 እስከ 18 ዓመት ካለች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመን ወንድ ከ3 እስከ 15 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ እሷን ሳይቆጡ ወደ ፖሊስ ይሂዱ።

ምክሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ፎቶ ላኪልኝ የሚል፣ ከጓደኞቿ የሚነጥላት፣ እምቢ ስትለው «ብትወጂኝ ኖሮ» እያለ የሚያስጨንቃት ከሆነ ያ ፍቅር እንዳልሆነ ይንገሯት። «የትም ሆነሽ፣ በየትኛውም ሰዓት ብትደውዪ ሳልቆጣ እመጣለሁ» ይበሏትና ቃልዎን ይጠብቁ። የራስዎንም ታሪክ አይደብቋት፤ ግን እሷ ስትጠይቅዎ ያጫውቷት፣ ማስፈራሪያ አያድርጉት።

ለእናቷም ከልጅቱ ተደብቀው አይንገሩ፤ ቢቻል ራሷ ትንገራት። ሁለታችሁም በአንድነት ከተነሳችሁባት የልቧን የምታወራው ለዚያ ልጅ ብቻ ይሆናል።