ጥፋቱ የሸክላው አይደለም፤ የሄርዙ ነው

ከጀሞ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ለሌሎቹ አንባቢዎች ላሳጥረው። የአክስትህ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ባለ ችንጋ ሸክላ ማጫወቻና አንድ ካርቶን ሙሉ የአሜሪካዊው ጥሩምባ ነፊ የሄርብ አልፐርትና የቡድኑ የቲዋና ብራስ ሸክላ ይዞልህ መጣ። ከ220 ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር ሰካኸው። ሁሉም ሸክላ ይጎተታል፤ ጥሩምባው ትሮምቦን ሆኗል። ሞተሩ ይግላል። የላዩን ብረት ስትነካው ይቆነጥጥሃል። አንድ ሠራተኛ መጥቶ ችንጋ ቀየረ፣ ለውጥ የለም። ከማጫወቻው ጋር የመጣችውን ክብ ባለ መስመር የፍጥነት መለኪያ ካርቶን አምፖል ሥር አዙሮ፣ «መስመሮቹ ቆመዋል፣ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ የተበላሸው ሸክላህ ነው» አለህ። ስትከራከረው የሞተሩ ፑሌጃ (ችንጋውን የሚያዞረው ትንሽ መዘውር) ላይ ቴፕ ጠመጠመበት። አሁን ደግሞ ድምፁ ይዋዥቃል።

ያቺ ካርቶን ሁሉን ነግራኛለች። መስመሮቹ ቆመው ሙዚቃው ከተጎተተ ሌላ ነገር አልጠረጥርም። ሄርዝ ነው፤ መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሶኬቱን ንቀል። ማጥፊያውን ማጥፋት መንቀል አይደለም። የሚቆነጥጥ ብረት ቀልድ የለውም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ። ትራንስፎርመርህ ቮልቱን ያወርዳል፤ ሄርዙን ንክች አያደርገውም። የዚያ ዘመን ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚቀዳው ከሄርዙ ነው። ከበሮ ተከትሎ እንደሚያሸበሽብ ዘማሪ ነው፤ ከበሮው ካዘገመ እሱም ያዘግማል። ባለ አራት ዋልታ ሲንክሮነስ ሞተር በ60 ሄርዝ በደቂቃ 1800 ጊዜ ይዞራል፣ በ50 ሄርዝ 1500። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከ1/3 መዞር ያለበት ሸክላ 27.8 ብቻ ይዞራል። ድምፁ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል፣ እንዲያውም ትንሽ አልፎ፣ ይወርዳል፤ «ዶ» የነበረው «ላ» ይሆናል። 2፡30 የሚፈጅ ዘፈን 3 ደቂቃ ይፈጃል። ሞተሩ የሚግለውም በዚሁ ነው፤ ሄርዙ ሲቀንስ ጥቅሉ ብዙ ከረንት ያሳልፋል። ለ120 ቮልት የተሠራ የ60 ሄርዝ ሞተር በኛ 50 ሄርዝ ላይ የሚስማማው 100 ቮልት ገደማ ነው። ትራንስፎርመርህ 110 ይስጥህ እንጂ የሰፈሩ መብራት ከፍ ባለ ቁጥር እሱም ከፍ ይላል።

ካርቶኗስ? በእሷ ላይ የታተሙት መስመሮች ለአሜሪካ አምፖል ናቸው፤ 216 ናቸው። እዚያ አምፖል በሴኮንድ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል፣ እዚህ 100 ጊዜ። ለኛ አገር የሚሆነው ካርቶን 180 መስመር ነው ያለው። ባለ 216ቷን እኛ አምፖል ሥር ብታዞራት መስመሮቹ ቆመው የሚታዩት መቼ ይመስልሃል? ልክ 27.8 ላይ! ሞተሩም ካርቶኗም በአንድ ሄርዝ ስለሚሳሳቱ አንዱ ላንዱ ይመሰክራል። ሠራተኛው ያየው እውነት ነው፤ ያነበበበት አገር ነው የተሳሳተው።

በእጅህ አረጋግጥ። መጀመሪያ ቴፑን ላጥ። ማስቲሹን በአልኮል ጠርገህ እስኪጸዳ ፈትግ፤ ያልጸዳ ፑሌጃ ችንጋውን ያንሸራትታል። የሚዞረው ሰሃን ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፍ። ሸክላ አስቀምጥ፣ መርፌውን አውርድ፣ 3 ደቂቃ ቁጠር። ጤነኛው 100 ይዞራል። ያንተ 83 አካባቢ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ጆሮህን የምታምን ከሆነ ደግሞ በቃልህ የምታውቀውን የጥላሁን ገሠሠ ሸክላ አጫውት፤ ድምፁ ከወፈረ መልሱ ያው ነው።

መፍትሔው የ50 ሄርዝ ፑሌጃ ነው። ከዚያ ዘመን ማጫወቻዎች ብዙዎቹ በሁለቱም ይመጡ ነበር፤ የጋራርድና የዱዋል ፑሌጃ ዛሬም ይገኛል። ሞዴልህን ጽፈህ የአክስትህን ልጅ አስፈልገው። ካልተገኘ ቶርኖ ቤት በናስ ይሠራልሃል፣ ልኩን ግን አንተ ስጥ። የፑሌጃውን ውፍረት በካሊፐር ለካ፣ የችንጋውን ውፍረት ደምርበት፣ በ1.2 አባዛ፣ የችንጋውን መልሰህ ቀንስ። ፑሌጃው 10 ሚሊ፣ ችንጋው 0.6 ከሆነ የምታዘው 12.12 ነው። «12 አድርገው» ብትል ሸክላው አንድ በመቶ ያዘግማል። መሐሉ በትንሹ እንዲያብጥ ንገረው፣ ችንጋው እንዳይወርድ። ቀዳዳውና የውጭ ፊቱ ደግሞ ከማሽኑ ሳይነቀል በአንድ ጊዜ ይሠራ፤ አለበለዚያ ይወላገድና ከቴፑ አትሻልም።

ቴፕ! ይሄ ነገር ያናድደኛል። አዎ፣ ፑሌጃውን ያወፍረዋል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ግን ጫፉ የተደራረበበት ቦታ ጉብ ይላል፤ በየዙሩ ድምፁን ያነሳዋል። ረጅም የጥሩምባ ድምፅ ወዲያው ያጋልጠዋል። ሠራተኛው የገጠመልህን ችንጋም እየው፤ ሲለጠጥ የሚነጣ ወይም ስፌት ያለው ከሆነ ጣለው። የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ችንጋ ብለው የሚገጥሙም አሉ።

ቶርኖ ካልፈለግህ ሌላ መንገድ አለ። ከባትሪ የሚሠራ የአሜሪካ ኢንቨርተር 120 ቮልት በ60 ሄርዝ ይሰጣል። ንጹህ ሳይን ዌቭ የሚለውን ያዝ፤ ርካሹ ሞተሩን ያስጮኸዋል።

አሁን ወደሚቆነጥጠው ብረት። ሶኬቱ ተነቅሏል አይደል? ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ትራንስፎርመሮች አብዛኞቹ አንድ ጥቅል ብቻ ያላቸው አውቶትራንስፎርመሮች ናቸው። ላያቸው ላይ 1000 ዋት ይላል፤ ስታነሳቸው ላባ ናቸው። የኛ ሶኬት ደግሞ በሁለቱም በኩል ይገባል። ገልብጠህ ከሰካኸው በ110ው በኩል ዜሮ ነው ያልከው ሽቦ ከመሬት ጋር 220 ይሆናል። የሞተሩ ጥቅል ወይም ከመስመሩ ወደ ብረቱ የተገናኘ የ60 ዓመት ኮንደንሰር ትንሽ ካሳለፈ ብረቱ ላይ የምታገኘው እሱን ነው። ትራንስፎርመሩን ነቅለህ በመልቲሜትር ኦም ላይ አንዱን ዘንግ መግቢያው እግር ላይ፣ ሌላውን መውጫው ቀዳዳ ውስጥ አድርግ። ትንሽ ኦም ካነበበ አውቶ ነው፤ ሁለት የተለያየ ጥቅል ባለው ቀይረው። ኮንደንሰሩ ማጥፊያው ላይ ብቻ ከሆነ በዚያው ልክ «ኤክስ 2» በሚል ተካው፤ ከመስመሩ ወደ ብረቱ የተገናኘ ከሆነ ግን «ዋይ 2» በሚል። ከዚያ ማጥፊያውን «ክፈት» ላይ አድርገህ ከማጫወቻው ሶኬት እግሮች ወደ ብረቱ ለካ። ማንኛውንም ንባብ ካሳየ አትሰካው፤ ሞተሩን ጥቅል ለሚሠራ ሰው ስጥ።

ስትጨርስ አንድ ነገር እንዳያሳስትህ። ቲዋና የሜክሲኮ ድንበር ከተማ ብትሆንም ቡድኑ የሎስ አንጀለስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲጀምር አልፐርት የራሱን ጥሩምባ በራሱ ላይ ደርቦ ነበር የቀዳው። ሁለቱ ጥሩምባዎች በጥቂቱ ይላቀቃሉ። ያ መላቀቅ የሸክላው ጣዕም ነው፣ አትጠግነው። የማሽን መዋዠቅ በእኩል ጊዜ ይመላለሳል፤ ይሄ አይመላለስም።

ፍጥነቱ ተስተካክሎም ወደ መሐል ስትጠጋ ጥሩምባው ከሻከረ መጀመሪያ መርፌ ቀይር። አዲስ መርፌም ካሻከረው ቦዩ በድሮ ከባድ መርፌ ተበልቷል፤ መድኃኒት የለውም። አትዘን፣ ብርቅ ዕቃ አይደለም። አረንጓዴ ሽፋን ላይ በክሬም የተሸፈነች ሴት ያለችበት የ1965ቱ «ዊፕድ ክሪም ኤንድ አዘር ዲላይትስ» አሜሪካ ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል (ክሬሙ አብዛኛው የመላጫ አረፋ ነው)። በልዋጭ ዕቃ መደብሮች ሞልቷል፤ የአክስትህ ልጅ በቡና ዋጋ ያገኘዋል። ሲገዛ ሸክላውን መብራት ሥር ያዘንብለው፣ ግራጫ ቀለበት ያለበትን ይተወው። ቁጥሩ «ኤስፒ 4110» ከሆነ ስቴሪዮ ነው፤ «ኤልፒ 110» ሞኖ።