እሁድ ተጫውቶ ረቡዕ መድገም፦ «ሩጫው አልቀነሰም» ማስተማመኛ አይደለም

አሰልጣኝ፣ «እሁድ 90 ደቂቃ የተጫወተው ልጅ ረቡዕም እኩል ይሮጣል፤ ታዲያ ለምን ላሳርፈው?» ብለው ጠይቀዋል። የሚያታልለው ይኸው እኩል መሮጡ ነው።

በአንድ የአውሮፓ ክለብ ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። በሳምንት ሁለቴ ሲጫወቱ የሸፈኑት ርቀትም ሆነ ፈጣን ሩጫቸው አልቀነሰም። የጉዳቱ ቁጥር ግን በ1000 የልምምድና የጨዋታ ሰዓት ከ4.1 ወደ 25.6 ዘለለ። ትንፋሹ ቶሎ ይመለሳል፤ ፊዚዮዎች ሃምስትሪንግ የሚሉት የጭን ኋላ ጡንቻ ግን እስከ 72 ሰዓት፣ አንዳንዱ ላይም ከዚያ በላይ ጉልበቱ አይሞላም። የሚቆረጠውም በሙሉ ፍጥነት እግር ወደፊት ሲወረወር፣ ጡንቻው እየተለጠጠ መግታት ሲኖርበት ነው። ስለዚህ ለማሳረፍ መጀመሪያ የሚታሰበው የመስመር ተከላካይና የክንፍ ተጫዋች፣ በተለይም ከዚህ በፊት እዚያው ቦታ የተጎዳ ነው።

ማገገም የሚጀምረው መልበሻ ቤት ነው። ከጨዋታ በፊትና በኋላ ይመዝኗቸው። 2 ኪሎ የቀነሰ ልጅ 3 ሊትር ፈሳሽ፣ በአንዴ ሳይሆን በሰዓታት እየተጎነጨ፣ ጨው ካለበት ምግብ ጋር ይጠጣል። በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት ለአንድ ኪሎ ክብደት በየሰዓቱ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ ለ70 ኪሎ ተጫዋች ሁለት ሙዝና ሁለት ቁራጭ ዳቦ የአንዱን ሰዓት ይሸፍናል። ፕሮቲን ከ20 እስከ 28 ግራም፣ ማለትም አራት እንቁላል ገደማ። ጾም ከሆነ አንድ ኩባያ ተኩል የተቀቀለ ምስር ያንኑ ይሰጣል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት በጾም ወቅት ምስሩን አሳንሰው ሆድ በእንጀራ ብቻ ሲሞሉ ነው። የማታ ጨዋታ ካለ ቡና ይቅር፣ እንቅልፍ ያባርራል።

ሰኞ ቋሚዎቹ 20 ደቂቃ ቀላል ብስክሌት ወይም እርምጃ ይበቃቸዋል። ተቀያሪዎቹ ግን አብረው ማረፍ የለባቸውም፤ ከ6 እስከ 8 ፈጣን ሩጫ ይሥሩ። ለሁለት ሳምንት ያልፈጠነ እግር ድንገት ሲገባ እሱም ይቆረጣል።

ማክሰኞ ጠዋት በደም ግፊት መለኪያ ይፈትኑ፦ ተጫዋቹ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ያጥፍ፣ እግሩን መሬት ያስረግጥ። የመለኪያውን መጠቅለያ መርፌው 10 (mmHg) እስኪያሳይ ነፍተው በጉልበቶቹ መካከል ያድርጉና በሙሉ ኃይሉ ይጭመቀው። የሚያነጻጽሩት ከጓደኛው ሳይሆን አርፎ ከሰጠው ከራሱ ቁጥር ጋር ነው። በግልጽ ከወረደ፣ ወይም ብሽሽቱን ካመመው፣ ረቡዕ አሰላለፍ ውስጥ አይግባ። ይህ የሚለካው የብሽሽትን ጡንቻ እንጂ ሃምስትሪንግን አይደለም፤ ቢሆንም ያላገገመ ሰውነት ብዙ ጊዜ እዚህ ይታያል።

በበረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ መግባትን በተመለከተ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ከዚያ ያለፈ ጥቅም አይጠብቁበት። ጡንቻ በሚገነባበት የቅድመ ውድድር ጊዜ ደግሞ ባይጠቀሙት ይሻላል፣ እድገቱን ያቀዘቅዛል። ከጨዋታ በፊት ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ መዋጥ ግን በጣም የማልደግፈው ነው። ማስጠንቀቂያውን ያፍናል እንጂ ጡንቻውን አያድነውም።

የሚጠራጠሩትን ልጅ ለመጨረሻ 30 ደቂቃ ካስቀመጡት፣ ከመግባቱ በፊት 10 ደቂቃ ይሙቅ፤ በዚያ መሃል ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ተጠግቶ ይሩጥ።