ጥያቄና መልስ፦ ሲጋር በችኮላ አይጨስም

ስለ ሲጋር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ "ውድ ገዝቼ አልጣመኝም" በሚል ቅሬታ ይጀምራሉ። ዝርዝሩን ስናየው ግን ጥፋቱ ከዋጋው ጋር እምብዛም አይገናኝም፤ ወይ ሲጋሩ ደርቋል፣ ወይ አጫሹ ቸኩሏል። ስሙም ሳያሳስት አልቀረም። ሲጋራ የምንለው በወረቀት የተጠቀለለውን ነው፤ ሲጋር ግን ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ነው። እንደ ሲጋራ ያጨሱት ሰው ምሬቱን ብቻ ቀምሶ ይተወዋል።

ጥቁሩ ሲጋር ይከብዳል ሲሉ ስለሰማሁ ነጣ ያለውን ልገዛ ነው። ልክ ነኝ? የትኛው መጠንስ ይሻለኛል? (ከአዲስ አበባ)

ቀለሙ አይሸውድዎት። ሲጋር ሦስት ክፍል አለው፦ በመሃል ያለው ሙሌት፣ ሙሌቱን አቅፎ የሚይዘው ማሰሪያ ቅጠል፣ በዓይን የሚታየው ልባስ። ኃይሉ በዋናነት የሚመጣው ከሙሌቱ ነው። ከተክሉ አናት የሚለቀመው፣ በስፓኒሽ ሊሄሮ የሚባለው ቅጠል ፀሐይ የጠገበ፣ ወፍራምና ኃይለኛ ነው። የመካከሉ ሴኮ መዓዛ ይሰጣል፤ የታችኛው ቮላዶ እሳቱ እንዳይጠፋ ያግዛል። ማዱሮ የሚሉት ጥቁር ልባስ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚብላላ ወደ ጣፋጭነት ያደላል እንጂ ጥንካሬን አያመለክትም። ነጣ ብሎ ራስ የሚያዞር ሲጋርም አለ።

ስለዚህ ቀለሙን ትተው ሻጩን "ለስላሳ የቱ ነው?" ብለው ይጠይቁ። ለጀማሪ የሚሆነው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተጠቀለለ፣ ኮኔቲከት ሼድ የተባለውን ልባስ የለበሰ ነው። ይህ ቅጠል በአሜሪካው የኮኔቲከት ወንዝ ሸለቆ፣ በጨርቅ ዳስ ጥላ ሥር የሚበቅል ስስና ለስላሳ ቅጠል ነው። ማካኑዶ ካፌ የተባለው ሲጋር የታወቀ ምሳሌው ነው። የኒካራጓዎቹን፣ በተለይ ኤስቴሊ ከተባለችው ከተማ የሚመጡትን፣ ጠንከር ስለሚሉ ለሌላ ጊዜ ያቆዩአቸው።

መጠኑን በተመለከተ ሮቡስቶ ይውሰዱ፤ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 50 ነው። የውፍረት ቁጥሩ የኢንች 64ኛ ነው፤ በ0.4 ቢያባዙት በግምት ሚሊሜትሩን ያገኛሉ። 50 ማለት ወደ 20 ሚሊሜትር ይጠጋል። "ቀጭን ቀላል ነው" የሚለው አነጋገር ብዙ ጀማሪ ያሳስታል፤ ቀጭኑ ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ይመራል፣ ለቸኮለ ሰው ምሕረት የለውም።

ሳይከፍሉ በፊት በሁለት ጣት ከእግሩ (ከሚለኮሰው ጫፍ) እስከ ራሱ ቀስ አድርገው ይጫኑት። ጫን ሲሉት ትንሽ መስጠት አለበት። ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፤ አንድ ቦታ ላይ ድርቅ ያለ ቋጠሮ ካለው ጭሱ ሊታፈን ይችላል። ሣጥን ሙሉ አይግዙ፤ ሦስት የተለያዩ ፍሬዎች ይበቃሉ።

ስቆርጠው ልባሱ ተተረተረ። ላይተሬም ቦግ ብሎ ይጠፋል። ምን አጥፍቼ ነው? (ከአዲስ አበባ)

ብዙ ቆርጠዋል። በራሱ ላይ ትንሽ የቅጠል ቆብ ተለጥፎበታል፤ ልባሱን ይዞ ያቆመው እሱ ነው። ቆቡ የሚያልቅበትን መስመር አልፈው ከቆረጡ የሚይዘው የለምና ይፈታል። 2 ሚሊሜትር ያህል፣ በስለታም መቁረጫ፣ በአንድ ፈጣን ምት ይበቃል። ሳያመነቱ ይቁረጡት፤ ማመንታት ቅጠሉን ይጨፈልቀዋል። ጥርስና የወጥ ቤት ቢላ አይሆኑም።

ላይተሩ ያለ ጥፋቱ ተወቅሷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እንደ ችቦ የሚንቦገቦጉት ሰማያዊ ነበልባል ያላቸው ላይተሮች እዚህ ያስቸግራሉ። ተራ ቢጫ ነበልባል ያለው የጋዝ ላይተር ወይም ረዘም ያለ የእንጨት ክብሪት ይሻላል። ክብሪት ከሆነ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ሻማና ቤንዚን ያለው ላይተር ሽታቸውን ያስተላልፋሉ።

ሲለኩሱ ነበልባሉ ሲጋሩን አይንካው። እግሩን ከነበልባሉ ጫፍ በላይ ይዘው ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ ዙሪያው ሲጠቁርና ጠርዙ ሲግል ነው አፍ ውስጥ ገብቶ እያዞሩ በቀስታ የሚሳበው። ከዚያ ጫፉ ላይ እፍ ብለው ይዩት፤ ያልቀላ ቦታ ካለ እዚያው ላይ ነበልባሉን ጠጋ ያድርጉ። በአንድ ጎን ብቻ እየነደደ የሚሄድ ሲጋር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ የተበላሸ ነው። ከጀመረ በኋላ ወደ ኋላ የቀረውን ጎን በላይተር ጠቆም አድርጎ ማስተካከል ነውር የለውም።

ግማሽ ሳልደርስ ላብ አጠመቀኝ፣ አቅለሸለሸኝ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ኒኮቲን ነው። ይተዉት፣ ይቀመጡ፣ አየር ወዳለበት ይሂዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ጣፋጭ ነገር ይቅመሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይለቃል። ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ በባዶ ሆድ ጀምረዋል፣ ጭሱን ወደ ሳንባ አስገብተዋል፣ ወይም በየ15 ሴኮንዱ ስበዋል። የሲጋር ጭስ አፍ ውስጥ ቆይቶ ይወጣል እንጂ አይዋጥም። በደቂቃ አንድ ጊዜ መሳብ ይበቃል፤ እንዲህ ሲሆን ሮቡስቶ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። 20 ደቂቃ ውስጥ ከጨረሱት ሲጋሩ ሳይሆን እርስዎ ነደዋል።

ወደ ሳንባ ካልገባ ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት አለው ማለት ነው?

አይደለም። የሲጋር ጭስ አልካላይነት (የአሲድ ተቃራኒ ባሕርይ) ስላለው ኒኮቲኑ በአፍ ሥጋ በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የማንቁርትና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሲጋር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። በወር አንዴና በየቀኑ ደግሞ አንድ አይደሉም። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ አይሸጥም፤ ጣሪያ ባለው ሕዝብ የሚገለገልበት ቦታ ውስጥም ማጨስ ክልክል ነው።

ዱባይ ነው የምኖረው። ሲጋሮቼ በሁለት ሳምንት ይደርቃሉ፤ ውድ የሲጋር ማቆያ ሣጥን መግዛት የግድ ነው? (ከዱባይ)

የግድ አይደለም። ኤርኮንዲሽነር ቀን ከሌት የሚሠራበት ቤት አየሩ ደረቅ ነው፤ ሲጋር ግን ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበትና ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። አየር የማያስገባ የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ይግዙ። አዲስ ይሁን፤ በርበሬ ወይም ሽሮ የከረመበት ዕቃ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ሽታውን ለሲጋሩ ያወርሰዋል። ውስጡ ባለ 60 ግራም፣ 65 በመቶ የሆነ፣ ቦቬዳ የተባለ እርጥበት ጠባቂ ከረጢት ያስቀምጡ፤ አንዱ ለ25 ሲጋር ይበቃል። ከረጢቱ ድርቅ ሲል ይቀይሩት።

የእርጥበት መለኪያ ካለዎት አያምኑት፣ ይፈትኑት። በጠርሙስ ክዳን ጨው አድርገው ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፤ ጨው መሟሟት የለበትም፣ እርጥብ አሸዋ ይምሰል። ከመለኪያው ጋር በሚታሸግ ከረጢት ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። 75 ማንበብ አለበት፤ 70 ካለ ሁልጊዜ 5 ይጨምሩ።

መኪና ውስጥ ግን በምንም መልኩ አይተዉት። ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ ቅጠሉ ውስጥ ተኝተው የነበሩ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላሎች ሊፈለፈሉ ይችላሉ። ልባሱ ላይ በመርፌ የተበሳ የመሰለ ቀዳዳ ካዩ የቀሩትን አሽገው 1 ቀን ማቀዝቀዣ፣ 3 ቀን ፍሪዘር፣ እንደገና 1 ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩአቸው። በድንገት ከፍሪዘር ካወጧቸው ልባሳቸው ይሰነጠቃል። አረንጓዴ ወይም ጸጉራም ሻጋታ ያወጣው ደግሞ ይጣል።

ባለ መስታወት ክዳን ሣጥን ውስጥ ኮሂባ ተሰጠኝ። እውነተኛ ነው?

ሐሰተኛ ነው። የኩባ ሲጋር ሻጭ የሆነው ኩባንያ ሀባኖስ፣ ኮሂባ የተባለውን የኩባ ሲጋር በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ክዳን አይሸጥም። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚሠራ ሌላ ኮሂባም አለ፤ እሱ ሐሰት አይደለም፣ ባለቤቱ ሌላ ኩባንያ ነው እንጂ። አሜሪካ ላላችሁ፦ እ.ኤ.አ. ከ2020 መስከረም ጀምሮ መንገደኛ የኩባ ሲጋር ይዞ እንዲገባ አይፈቀድም፤ ከሦስተኛ አገር ቢገዛም ያው ነው።

ከጀበና ቡና ጋር ይሄዳል?

ይሄዳል፤ ግን ዕጣን በሚጨስበት ክፍል አይሁን፣ ሁለቱ ጭስ ይጣላሉ። ታጥቦ የተዘጋጀ የይርጋጨፌ ቡና የአበባ መዓዛው በትምባሆ ይሸፈናል፤ ከሐረር ወይም ጠቆር አድርጎ ከተቆላ ቡና ጋር ይሻላል። ቡናው መጀመሪያ፣ ሲጋሩ ቀጥሎ።

ሲያልቅ እንዴት ይጠፋል?

አይጠፋም፤ ይተዉታል። የመጨረሻው ሲሶ ጣትን ማሞቅና መምረር ሲጀምር መተርኮሻው ላይ ያስቀምጡት፣ ካልተሳበ ብቻውን ይጠፋል። እንደ ሲጋራ ከደቆሱት ግን ቤቱ እስከ ማግስቱ ይሸታል።